ሁለተኛዋ የትሮምቦን አስተማሪዬ

የትሮምቦን አስተማሪ መፈለግ የጊታር አስተማሪ እንደመፈለግ ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ የምታገኙት "የትንፋሽ መሣሪያ ሁሉ አስተምራለሁ" የሚል ሰው ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት ደግሞ ትራምፔት ተጫዋች ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው አስተማሪዬ እንደዛ ነበር። ኖታ ማንበብ በደንብ አስተምሮኛል፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ችግሩ የመጣው ድምፅ ማያያዝ ስንጀምር ነው። "አንዴ ንፋ፣ ከዛ ምላስህን አትንካ" አለኝ። ትራምፔት ላይ ልክ ነው፣ ጣት ቁልፉን ሲጫን ድምፁ ወዲያው ይቀየራል። ትሮምቦን ላይ ግን ስላይዱ (ወደፊትና ወደኋላ የሚጎተተው ቱቦ) እየተንሸራተተ ሳለ ትንፋሹ በምላስ ካልተነካ በሁለቱ ድምፆች መሀል ያለው ሁሉ አብሮ ይሰማል። 5 ወር ሙሉ ዜማዬ ሁሉ እንደ ሳይረን ሲጎተት ከረመ፣ እኔም ተሰጥኦ የለኝም ብዬ መሣሪያውን ልሸጠው ነበር።

ሁለተኛዋን መምህር ያገኘሁት ባንድ ውስጥ ትሮምቦን የሚጫወት ልጅ "ማን አስተማረህ?" ብዬ ጠይቄ ነው። ማስታወቂያ ከማሰስ ይሄ በብዙ ይሻላል። እሳቸው ራሳቸው ትሮምቦኒስት ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለት መስመር ካጫወቱኝ በኋላ "ምላስህ የት አለ?" አሉኝ። ለካ ሲያያዝ እያንዳንዱን ድምፅ በጣም ለስለስ ባለ "ዱ" መንካት ያስፈልጋል። በዛው ሰዓት ውስጥ ጉተታው ግማሽ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ሌላው የወደድኩላቸው ጆሮ ላይ ያላቸው አቋም ነው። ስላይዱ 7 ፖዚሽን (የመቆሚያ ቦታ) አለው፣ ግን የት እንደሚቆም የሚያሳይ ምንም ምልክት የለውም። እኔ በዓይኔ እየለካሁ ነበር የምጫወተው፣ 4ኛ ፖዚሽን ላይ ያለችው ዲ የምትባለው ድምፅ ሁልጊዜ ዝቅ ትልብኝ ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ድምፁን በአፌ ያዘምሩኛል። ከዛ እኔ ረዘም አድርጌ ስይዝ እሳቸውም ያንኑ ድምፅ ይነፋሉ። ካልገጠመ ሁለቱ ድምፆች ሲጋጩ ዋው ዋው የሚል መንቀጥቀጥ ይሰማል፣ ስላይዱን በጥቂቱ ሳንቀሳቅስ እየዘገየ ይሄድና ጸጥ ይላል። ያቺን ጸጥታ አንዴ ከሰማችኋት ቱነር (ድምፁ ልክ መሆኑን የሚያሳይ መለኪያ) ላይ አታፈጡም።

የማልወድላቸውም አለ። ቀጠሮ ያዛውራሉ፣ አንዳንዴ በዛው ቀን ጠዋት። ዘፈን ለመጫወት የሚቸኩል ሰው ደግሞ ይሰለቻል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ፣ ረጅም ድምፅና የከንፈር ልምምድ ብቻ ናቸው። በኢንተርኔት ያደረግናቸው ሁለት ትምህርቶችም አልተመቹኝም። የቪዲዮ መተግበሪያው ረጅሙን ድምፅ እንደ ጩኸት ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ድምፅ ማጣሪያውን ስናጠፋው ተሻለ፣ አብሮ መንፋት ግን አይሞከርም፣ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ለልጅ የምትፈልጉ ካላችሁ አስተማሪውን ስለ 6ኛና 7ኛ ፖዚሽን ጠይቁት። የትንሽ ልጅ ክንድ እዛ አይደርስም። መምህሬ ጋ የሚማር አንድ ትንሽ ልጅ ኤፍ አታችመንት (ተጨማሪ ቱቦ ከነማንሻው) ባለው ትሮምቦን ነው የሚማረው፣ በአውራ ጣቱ ማንሻውን ሲጫን 6ኛ ላይ የነበረችውን ሲ የምትባል ድምፅ 1ኛ ላይ ያገኛታል። ይህን ሳይነግራችሁ "ተዘርጋ፣ ትደርሳለህ" እያለ ልጁን የሚያስጨንቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

እኔ 8ኛ ወሬን ይዣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን እሄዳለሁ፣ ቤት ውስጥ በቀን 20 ደቂቃ እለማመዳለሁ፣ መሣሪያውንም አልሸጥኩትም።