8000 ነው ያሉኝ ድንጋይ፣ ከሰባት ወር በኋላ

ስድስት ወር ሙሉ በእጄ ሳሳብብ ነበር የከረምኩት። «እጄ አልገራም» እያልኩ። ለካ ጥፋቱ የመሳያ ድንጋዩ ነው።

ከአጎቴ የወረስኩት የሚታጠፍ ምላጭ አለኝ። ጀርባው ላይ ዞሊንገን የሚል የከተማ ስም የተጻፈበት የጀርመን ብረት ነው። ዶልዱሞ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ልሳለው ብዬ የቅንጣቱ ልመት ቁጥር በአንዱ ገጹ 3000፣ በሌላው 8000 የሆነ፣ በውሃ እያረጠቡ የሚስሉበት ድንጋይ ከአዲስ አበባ ገዝቼ አዳማ ይዤ መጣሁ። ሻጩ «8000 ካለህ ሌላ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። እኔም አመንኩት። ወንድሜ፣ ቁጥሩ ሲጨምር እኮ ድንጋዩ እየላመ ነው የሚሄደው! 8000 ያለሰልሳል እንጂ ለዶለዶመ ምላጭ አፍ አያወጣም። መጀመሪያ 1000 ያስፈልጋል። አንድ ወር ሙሉ 8000ው ላይ ስፈትግ ከርሜ ነው የገባኝ። 1000ውን ለብቻው ገዛሁ፤ እሱን አላማም። የእናቴ የሽንኩርት ቢላዋ ሳይቀር በሱ ነው የሚሳለው።

ምላጩ ግን አሁንም እሺ አላለም። ጫፉና ሥሩ የክንዴን ጸጉር ሙልጭ ያደርጋል፣ መሃሉ ይጎትታል። አገጬን ሲነካኝ እንባዬ ይመጣል።

አንድ ቀን የምላጩን አፍ በማርከር ቀባሁት። 8000ው ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ገፋሁት። ቀለሙ ዳርና ዳሩ ላይ ለቀቀ፣ መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል። የብረት ማስመሪያ ድንጋዩ ላይ አቁሜ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከሥሩ ብርሃን ሾልኮ ታየኝ። ድንጋዩ ጎድጉዷል።

የወጥ ቤት ቢላዋ ቢሆን ግድ የለም። ምላጭ ግን ጀርባውም አፉም አብረው ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፤ ማዕዘኑን የሚጠብቅለት ጀርባው ነው። ድንጋዩ ከጎደጎደ መሃሉ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ተጠቅመህበት ነው።» እሺ፣ 8000ውን እኔ ጨረስኩት እንበል። 3000ውስ? ለወጉ ያህል ነው የነካሁት። እሱም ጎድጓዳ ነው። እንግዲህ ይህንን ማን በላው?

መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ላይ የጋራዥ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን፣ ውሃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት፣ 400ውን፣ አነጠፍኩ። ድንጋዩ ላይ በእርሳስ መስመር ከመስመር አቋርጬ አሰመርኩ። ውሃ እያፈሰስኩ ፈተግኩት። የዳሩ መስመር ወዲያው ጠፋ። የመሃሉ እስኪጠፋ ግን ሁለት ወረቀት አለቀብኝ፣ ልብሴም በነጭ ጭቃ ተለወሰ።

ሌላው ጣጣ ደግሞ የአዳማ ነፋስ ነው። ተርባይን የተተከለለት ነፋስ እኮ ነው! በረንዳ ላይ ስስል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት 8000ው ላይ ካረፈች የለፋሁበትን አፍ ትቧጭረዋለች። አሁን በርና መስኮት ዘግቼ ነው የምስለው። ሙቀቱን አትጠይቁኝ።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ድንጋዩ ላይ አፉን አስቀድሜ ሳልኩት። ከድንጋዩ በኋላ አፉን የማለሰልስበት የቆዳ ቀበቶ ላይ ደግሞ ጀርባውን እያስቀደምኩ 50 ጊዜ ያህል አመላለስኩት። ቀበቶ ላይ አፉ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጠዋል፤ አንዱን ቀበቶዬን እንደዚያ አጥቼዋለሁ። ተላጨሁ። አገጬ ላይ ድምፁ ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ሸር ሸር የሚል። ጸጉር ቤት ስሄድ ደንበኛዬ ጉንጬን ዳሰስ አድርጎ «ማን ጋ ሄደህ ነው?» ብሎ ተኮሳተረብኝ።

ታዲያ ድንጋዩ ጥሩ ነው? አሁን ጥሩ ነው፤ እኔ ነኝ ጥሩ ያደረግኩት። ሦስት አራት ጊዜ በሳልኩ ቁጥር እርሳሴን አውጥቼ አሰምርበታለሁ። ይህን ልፋት የማትፈልጉ አትግዙት። ከገዛችሁም ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ ብርሃን ላይ አቁማችሁ እዩት። ሻጩ ቢስቅባችሁም ይሳቅ።