አስተማሪ ለመሆን በሜሪላንድ፦ የትኛው የሁለት ዓመት ዲግሪ ገንዘብዎን አያባክንም?

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ያሉ ወዳጆቼ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ለመሆን ሲያስቡ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልጀምር ወይስ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ልግባ? ጥያቄው መልካም ቢሆንም ግማሽ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ውስጥ ስማቸው የሚቀራረብ፣ የክሬዲት ዋጋቸውም አንድ የሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደረስ ግን ፈጽሞ የሚለያዩ ዲግሪዎች አሉ፤ እኔም የከሰርኩት እዚያ ላይ ነው።

አንደኛው አሶሺየት ኦፍ አርትስ ኢን ቲቺንግ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ.ቲ. የሚባለው ነው። ሌላው አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ፣ ማለትም ኤ.ኤ.ኤስ.፣ በቅድመ ልጅነት ትምህርት የሚሰጠው ነው። የመጀመሪያው ለትራንስፈር፣ ማለትም ክሬዲትን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር፣ የተሠራ ሲሆን ሁለተኛው ተመርቆ ወዲያው ሥራ ለሚገባ ሰው የታሰበ ነው። እኔ ዴይኬር እሠራ ስለነበርና ለዴይኬር ሠራተኞች የሚሰጠውን የ90 ሰዓት ሥልጠና ስለጨረስኩ፣ የኮሌጁ ሠራተኛ «ለአንቺ የሚቀርበው ይኼ ነው» ብላ ሁለተኛው ላይ መዘገበችኝ። ማታ ማታ እየተማርኩ 60 ክሬዲት ሞላሁ።

ከዚያ ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን የክሬዲት ግምገማ ወረቀት ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። ከላይ 60ውም ክሬዲት ተቀባይነት ማግኘቱን ይገልጻል፤ በደስታ ለእናቴ ደወልኩ። በማግስቱ አድቫይዘሩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በቢጫ ቀለም እያሰመረ፣ 33ቱ «ኤሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) በሚለው ዓምድ ሥር መግባታቸውን አሳየኝ። ተቀብለዋቸዋል፤ ነገር ግን በአስተማሪነት ፕሮግራሙ ከሚፈለጉት ኮርሶች አንዱንም አይተኩም። «ትራንስፈር ይሆናል» እና «ኮርስ ይተካል» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ኪሳራውን በዛሬ ዋጋ ላስላው። ለካውንቲው ነዋሪ አንድ ክሬዲት ከ130 ዶላር በላይ ስለሆነ፣ 33 ክሬዲት ክፍያዎችን ሳይጨምር ከ4,200 ዶላር በላይ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የፌዴራል መንግሥቱ የፔል ግራንት ነው። ይህ የማይመለስ እርዳታ በዕድሜ ልክ የሚገኘው ለ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው፤ በማይተካ ኮርስ ላይ የዋለውም ከዚያው ላይ ተቀንሶ ይቀራል። የሚባክነው ዓመትም ዋጋ አለው፤ በሜሪላንድ ብሉፕሪንት በሚባለው ሕግ መሠረት የአስተማሪ መነሻ ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ቢያንስ 60,000 ዶላር እንዲሆን ተደንግጓል።

ኤ.ኤ.ቲ.ን የምመርጠው ስለዚህ ነው። በስቴቱ ደንብ መሠረት ዲግሪውን በ2.75 አማካይ ውጤት (ጂ.ፒ.ኤ.) ወይም ከዚያ በላይ ያጠናቀቀ ተማሪ፣ የአስተማሪ ማሠልጠኛ ፕሮግራም ወዳላቸው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሻገር ኮርሶቹ አንድ በአንድ ሳይመረመሩ እንደ አንድ ጥቅል ይገባሉ። በቢጫ የሚያሰምር ሰው የለም ማለት ነው። ስሙ የሚስበው ሌላው የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዲግሪ፣ «ጄነራል ስተዲስ»፣ ይህ ዋስትና የለውም፤ ሒሳቡን ብቻ ብንወስድ እዚያ አልጀብራ ወስዶ የሚመጣ ሰው የአስተማሪዎችን ሒሳብ እንደገና ከመጀመሪያው ይማራል። የአስተማሪዎች ሒሳብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአሥር ሳይሆን በአምስት መሠረት መቁጠር፣ በመቀነስ ጊዜ የምንበደረው «አንድ» ከየት እንደመጣ ትንንሽ ኩቦችን ደርድሮ ማሳየት ነው። እኔ በ34 ዓመቴ በእነዚያ ኩቦች ፊት ላብ አጥምቆኛል፤ ዛሬ አራተኛ ክፍል የማስተምራቸው ልጆች የሚጫወቱት በእነዚያው ነው።

በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት መጥፎ አይደለም፤ ውድ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሙሉ ጊዜ የሚማር የካውንቲ ነዋሪ በዓመት ከ5,000 እስከ 6,000 ዶላር ሲከፍል፣ ኮሌጅ ፓርክ እንዳለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባለ የስቴት ዩኒቨርሲቲ የሜሪላንድ ነዋሪ ምግብና መኝታ ሳይታሰብ ከ11,000 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ሙሉው ፔል ግራንት እ.ኤ.አ. ለ2024–25 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነበር፤ ኮሌጅ ላይ ክፍያውን ሸፍኖ ለመጻሕፍት ይተርፋል፣ ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን ቀሪውን ብድር ይሞላዋል። በዲቪ አዲስ ለመጡ ሰዎች ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነዋሪ ለመባል ሦስት ወር ሲበቃ፣ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች 12 ወር ይጠይቃሉ።

በፌስቡክ የሚያስተዋውቁ ለትርፍ የተቋቋሙ የኦንላይን ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ ቃል አላበዛም፤ ክሬዲታቸውን የስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይቀበል ይችላል፣ ዋጋቸውም ብዙውን ጊዜ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይበልጣል።

የኤ.ኤ.ቲ. ጉድለትም ይታወቅ። በትምህርት ቤት ክፍል ተቀምጦ አስተማሪ ሲያስተምር የሚታይበት ምልከታ ልጆች ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት ስለሚደረግ፣ ቀን ለሚሠራ ሰው ከአለቃ ጋር መደራደር ግድ ነው። የላብራቶሪ ሳይንሱም ከአንድ በላይ ነው። ሐሳቡን ለውጦ ነርሲንግ ለሚገባ ሰው ከኮርሶቹ ብዙዎቹ አይጠቅሙም። ዴይኬር ከፍቶ ማስተዳደር ብቻ ለሚፈልግ ሰውም ኤ.ኤ.ኤስ. ይሻለዋል፤ ያ ዲግሪ ለእኔ እንጂ ለሁሉም ስሕተት አይደለም። ከአገር ቤት የመምህርነት ዲፕሎማ ያለው ሰው ደግሞ አንድም ክሬዲት ሳይመዘገብ ትራንስክሪፕቱን ያስገምግም፤ አስቀድሞ ለተማረው ኮርስ ዳግመኛ መክፈል የለበትም።

አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያላችሁ፣ ይህ የኤ.ኤ.ቲ. ደንብ የሜሪላንድ ነው። ቨርጂኒያ የራሷ የትራንስፈር ውሎች አሏት፤ የእኛ ደንብ የእናንተን ዩኒቨርሲቲዎች አያስገድድም። የትም ብትኖሩ ግን የኮሌጁን አድቫይዘር ብቻ አትጠይቁ፤ ልትገቡበት ወዳሰባችሁት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ኢሜል ጽፋችሁ፣ «ከእነዚህ ክሬዲቶች ስንቱ በኤለመንተሪ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ኮርስ ይተካል?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።