ስልካችንን የማስከፈት መብት ላስከበሩልን የሕግ ክሊኒኮች ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ምስጋና ለሚገባው ይድረስ። ከአሜሪካ ስልክ ገዝቶ ለእናቱ ወይም ለእህቱ የላከ፣ ወይም የተላከለት ሰው ሁሉ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው ባለውለታዎች አሉት። እነሱም የሕግ ትምህርት ቤት ክሊኒኮች ናቸው። እዚያ ተማሪዎች ፈቃድ ባለው ጠበቃ እየተመሩ የእውነተኛ ሰው ጉዳይ ይይዛሉ፤ ከባለጉዳዩ የጥብቅና ክፍያ አይጠይቁም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ያሉትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ለሚያውቅ አሠራሩ አዲስ አይደለም። የእነዚህኛዎቹ ሥራ ግን ቴክኖሎጂ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ፣ በክፍል 1201፣ በቅጂ መብት የተጠበቀ ሥራ ላይ የተደረገን የቴክኒክ ቁልፍ መስበር ከለከለ። በዋናነት የታሰበው ለፊልም፣ ለሙዚቃና ለመሳሰለው ነበር። ስልክ ውስጥም ሶፍትዌር አለና፣ ስልኩን ከአንድ የቴሌኮም ድርጅት ጋር ያሰረውን ሎክ መክፈትም በዚሁ ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል ተባለ። ሕጉን አውቆ ለጥቅም ሲል የጣሰ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጥፋት ብቻ እስከ 500,000 ዶላር ቅጣት፣ እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲና ካኒፋር የተባለ ወጣት የስልክ መክፈቻ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበርና ከአንድ ትልቅ የስልክ አምራች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። በስታንፎርድ የሕግ ትምህርት ቤት የሳይበር ሕግ ክሊኒክን ይመሩ የነበሩት ጠበቃ ጄኒፈር ግራኒክ ጉዳዩን በነፃ ያዙለት፤ አምራቹም ነገሩን ተወው።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግናቸው ግን ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። አንድ ደንበኛ ከጭንቅ ወጣ ብለው ፋይሉን ሊዘጉ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ለሁሉም የሚሆን መፍትሔ ፍለጋ ወደ አሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሄዱ። ቢሮው በየ3 ዓመቱ ከክልከላው ነፃ የሚሆኑ ነገሮችን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ክሊኒኩ ወክሎ ከቀረበላቸው አንዱ ያገለገሉ ስልኮችን ሰብስቦ የሚሸጥ ድርጅት ነበር፤ ሌላው ደግሞ ወደ ውጭ ሲጓዝ የራሱን ስልክ በሄደበት አገር ኔትወርክ መጠቀም የፈለገ ሰው። ከእኛ ሰው በምን ይለያል?

ክርክራቸው ለማንም ግልጽ ነበር። ሎኩ የሚከላከለው የሶፍትዌሩን መቀዳት አይደለም፤ የደንበኛውን ወደ ሌላ ኔትወርክ መሄድ ነው። ስልኩን ያስከፈተ ሰው ሶፍትዌሩን አልቀዳም፣ አላባዛም፣ አልሸጠም፤ በገንዘቡ በገዛው ስልክ ላይ ሌላ ሲም አስገባ እንጂ። ቢሮው ይህንን ተቀበለ፤ ሎኩ የንግድ ውሳኔ እንጂ የቅጂ መብት ከሚጠብቀው ጥቅም ጋር የማይገናኝ መሆኑን ጽፎ፣ በኅዳር 2006 ስልክ መክፈት ከክልከላው ነፃ ሆነ። ይህንን ያገኙልን ያለ አንዳች ክፍያ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዚህን ሥራ ዋጋ የሚያውቀው ሎክ የሆነ ስልክ ይዞ የተንከራተተ ነው። «አይኤምኢአይ (የስልኩን መለያ ቁጥር) ላኩልን፣ በ24 ሰዓት እንከፍታለን» ብለው ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ የሚጠፉ አሉ። ከሲሙ ሥር ስስ ቺፕ ለጥፈው «ተከፍቷል» ብለው የሚያስረክቡም አሉ፤ ቺፑ ስልኩን ያታልለዋል እንጂ አይከፍተውም፤ ሶፍትዌሩ አፕዴት በተደረገ ማግስት ሲሙ መሥራት ሊያቆም ይችላል። የመክፈቻ ኮድ በግምት እየሞከሩ ሙከራውን የሚጨርሱም አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ትክክለኛውን ኮድ እንኳ አይቀበልም። በጣም የሚያናድዱት ደግሞ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን አንድ አድርገው የሚያስከፍሉት ናቸው። የኔትወርክ ሎክ አንድ ነገር ነው። ተሰርቋል ወይም ዕዳው አልተከፈለም ተብሎ አይኤምኢአዩ ብላክሊስት (የታገዱ ስልኮች ዝርዝር) ውስጥ መግባቱ ሌላ ነው። የቀድሞው ባለቤት የአፕል ወይም የጉግል አካውንት ሳይወጣ መቅረቱ ደግሞ ሌላ። ሕጉ የፈቀደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን በሎክ ስም «እናጸዳለን» የሚል ካጋጠማችሁ ስልኩንም ገንዘቡንም ይዛችሁ ውጡ።

ድሉ አንዴ ተገኝቶ የጸና አይደለም። በ2012 የተሰጠው ውሳኔ ፈቃዱን አጠበበው፤ ከጥር 26 ቀን 2013 በኋላ የተገዛ ስልክ ያለ ቴሌኮሙ ፈቃድ እንዳይከፈት ሆነ። ያኔ ያው ካኒፋር ለዋይት ሀውስ አቤቱታ አስነሳ፤ ከ114,000 በላይ ሰው ፈረመ። ነሐሴ 1 ቀን 2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ መብቱን መለሰ፤ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ያዘዘው ሰውም መክፈት እንዲችል አደረገ። ስልክ ጠጋኙ ዛሬ በግልጽ የሚሠራው በዚህች አንቀጽ ነው። በ2015 ታብሌት፣ ተንቀሳቃሽ ዋይፋይና ሰዓት ተጨመሩ።

አንድ ነገር በደንብ ይያዝ፦ ሕጉ መክፈትን ከወንጀልነት አወጣ እንጂ ቴሌኮሙ እንዲከፍትላችሁ አላስገደደም። እነሱን የሚያስገድዳቸው፣ ትልልቆቹ የአሜሪካ ቴሌኮሞች በፈቃዳቸው የገቡት፣ ከየካቲት 2015 ጀምሮ የሚሠራ የሥነ ምግባር ደንብ ነው። ውሉ ካለቀ ወይም የስልኩ ዋጋ ተከፍሎ ካበቃ፣ በቅድመ ክፍያ (ፕሪፔይድ) አገልግሎት የሚሠራ ስልክ ከሆነ ደግሞ ቢበዛ ሥራ ከጀመረ 1 ዓመት በኋላ፣ በጥያቄ ይከፍታሉ፤ ለጥያቄውም በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት አለባቸው። ለደንበኛና ለቀድሞ ደንበኛ በነፃ ነው። ካንገላቷችሁ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኢንተርኔት አቤት በሉ፤ ክፍያ የለውም፤ ቅሬታው ለድርጅቱ ከተላለፈለት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ ይጠበቅበታል።

ስልኩን ከመላካችሁ በፊት አሜሪካ እያለ አስከፍቱት። ጥያቄውን ማቅረብ የሚችለው ብዙ ጊዜ የአካውንቱ ባለቤት ነው፤ አንዳንድ አንድሮይዶች ደግሞ በራሱ በቴሌኮሙ አፕ ነው የሚከፈቱት። *#06# ደውላችሁ አይኤምኢአዩን መዝግቡ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ግቡና ካሪየር ሎክ የሚለው መስመር «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ማለቱን እዩ፤ ከዚያም የሌላ ድርጅት ሲም አስገብታችሁ ሞክሩት። ከአይፎን 14 ወዲህ አሜሪካ የሚሸጡት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ ኢሲም (ካርድ የማይገባለት፣ ስልኩ ውስጥ የተሠራ ሲም) ብቻ ናቸው፤ ተቀባዩ ያለበት ቦታ ኢሲም ማግኘት መቻሉን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ከሁሉ በፊት የራሳችሁን አካውንት አውጡ።

አሁን ወደ ጥቆማው። የስልክ ሱቅ ያላችሁ፣ አፕ የምትሠሩ፣ ቪዲዮ የምትለቁ ወገኖች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ደንግጣችሁ አትፈርሙ። ክሊኒኮቹ እኛው በብዛት ባለንባቸው አካባቢዎች አሉ፦ ዋሽንግተን በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የግሉሽኮ ሳሙኤልሰን ክሊኒክ፣ ከኦክላንድ አጠገብ በበርክሌይ የሳሙኤልሰን ክሊኒክ፣ ለዴንቨርና ለኦሮራ ሰው ቦልደር ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ፣ ቦስተን አካባቢ የሃርቫርድ የሳይበር ሕግ ክሊኒክ። ሁሉንም ጉዳይ አይቀበሉም፤ ለሕዝብ የሚጠቅምና ተማሪ የሚማርበትን ይመርጣሉ። ሥራቸው በሴሚስተር ስለሚሄድ ከመስከረምና ከጥር በፊት ማመልከት ይሻላል፤ በግንቦት መጨረሻ የሚመጣ ሰው ሊጠብቅ ይችላል። ደብዳቤውን ከነፖስታው ወይም ኢሜይሉን ሳትሰርዙ፣ መልስ የሚጠየቅበትን ቀን፣ ደረሰኝና ውል ካለ ውሉን፣ የሆነውንም በቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። የመልስ ቀኑን መጀመሪያ ተናገሩ፤ ጉዳይ የሚበላሸው በአብዛኛው ቀኑ ካለፈ በኋላ ስለሚመጣ ነው። ተማሪው ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይቀየራልና የሁሉንም ሰነድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። እስከዚያ ለላከው አካል በራሳችሁ አትመልሱ፣ ነገሩንም ፌስቡክ ላይ አታውጡት።

የስልክ ሱቅ ላላችሁ ደግሞ አደራ አለኝ። ቀጣዩ የ3 ዓመት ውሳኔ በ2027 የሚጠበቅ ሲሆን ማመልከቻው ቀደም ብሎ ይጀመራል። ለክሊኒኮቹ ጥሬ ዕቃቸው ማስረጃ ነው። የስልኩን ሞዴል፣ የቴሌኮሙን ስም፣ ይከፈት ተብሎ የተጠየቀበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ እየመዘገባችሁ ብትልኩላቸው፣ «ደንበኞች ይቸገራሉ» ከሚል አንድ ገጽ ምሬት ይልቅ ይጠቅማቸዋል። የደንበኛውን ስም አትጻፉ፤ ሙሉውን አይኤምኢአይም አትላኩ።