ቦይለር ሰርቪስ ማስደረግ ያዋጣል? ባለታንኩና ታንክ አልባው ሲነጻጸሩ

ቦይለር ስትገዙ ዋጋውንና ሊትሩን ብቻ አትዩ። በኋላ ምን ያህል እንክብካቤ እንደሚፈልግም ጠይቁ፤ ሁለቱ ዓይነቶች፣ ውሃውን አሙቆ የሚያጠራቅመው ባለታንኩና ውሃው ሲያልፍ የሚያሞቀው ታንክ አልባው፣ በዚህ በጣም ይለያያሉና።

ባለታንኩን እንይ። ታንኩ አብዛኛውን ጊዜ በኢናሜል የተለበጠ ብረት ነው፣ ልባጡ ግን ጥቃቅን ስንጥቅ አያጣም። በዚያ በኩል ዝገት እንዳይገባ አኖድ የሚባል የማግኒዥየም ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ውስጡ ይቀመጣል፣ እሱም በታንኩ ፈንታ ራሱ እየተበላ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ተራው የታንኩ ነው። የተበሳ ታንክ ደግሞ መጣል እንጂ መጠገን የለም! አኖድ ከአዲስ ቦይለር ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አስፈትቶ ማየት በደንብ ያዋጣል። ብዙ ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቅም፣ ይሄ ያሳዝነኛል። ስትገዙ አኖዱ በቀላሉ ይወጣ እንደሆነ፣ መለዋወጫውም ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ።

ማጠቡስ? እሱ እንደ ውሃችሁ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ፣ ያው ቅርፊት ቦይለሩ ውስጥ ኤለመንቱን፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ዘንግ፣ ይሸፍነዋል፣ ሙቀቱ ወደ ውሃው ማለፍ ያቅተዋል፣ ኤለመንቱም ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል። እንዲህ ከሆነ በዓመት አንዴ ይታጠብ። ውሃችሁ እንዲህ ካልሆነ በየዓመቱ ለባለሙያ መክፈሉ አይታየኝም። ታንኩን ከማፍሰስ በፊት ግን መብራቱን ከቆጣሪው በኩል አጥፉ፤ ኤለመንት ያለ ውሃ ከሠራ ወዲያው ይቃጠላል።

ታንክ አልባው ቦታ አይፈጅም፣ የአኖድ ጣጣም የለበትም። ውሃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ግን ቀጫጭን ስለሆኑ ቅርፊቱ ቶሎ ይደፍናቸዋል። ቅርፊት የሚበዛበት ውሃ ካላችሁ በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ በየጊዜው ማጠብ ግዴታ ነው። ይህን እንደማታደርጉት ካወቃችሁ ባለታንኩን ግዙ፣ ቸልታን የተሻለ ይችላል።

ለዓመታት ያልተነካ አሮጌ ቦይለር ካላችሁስ? ማፍሰሻው በዝቃጭ ተደፍኖ ወይም ከተከፈተ በኋላ አልዘጋ ብሎ ሊያስቸግር ይችላል። እሱ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ለአዲስ ማጠራቀሙ ይሻላል።

የባለታንኩ የደህንነት ቫልቭ ግን የማዋጣትና ያለማዋጣት ጉዳይ አይደለም። ግፊት ሲበዛ ካልተነፈሰ ታንኩ ሊፈነዳ ይችላል። በዓመት አንዴ መሥራቱን አስፈትሹ፣ ጠብ ጠብ አለ ብላችሁም አፉን እንዳትደፍኑት።