ያገለገለ ላፕቶፕ ለስጦታ አሳምሮ ላዘጋጀልን ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ለሰው በስጦታ የሚሰጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ጭረቱን አስተካክሎ መልኩን ለመለሰልን የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እጁ ይባረክ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። እዚህ ግን ሥራውን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ እሱን ማግኘት የማትችሉ ሰዎች ሌላ ባለሙያ ስትመርጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ላፕቶፑን እንደተቀበለ መጀመሪያ ያደረገው ቦዲው ከምን እንደተሠራ ቦታ በቦታ መለየት ነበር። ክዳኑ ቀለም የያዘ አኖዳይዝድ አሉሚኒየም (ገጹ ወደ ኦክሳይድ የተለወጠ) ነው፤ የስክሪኑ ዙሪያ አንጸባራቂ ፕላስቲክ፣ የእጅ ማሳረፊያውና የታችኛው ከቨር ደግሞ ሸካራ ፕላስቲክ። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ስለሚያበላሽ፣ ይህን ሳይጠይቅ ወደ መፈግፈግ የሚገባ ሰው ጋ ላፕቶፕ አትተዉ።

ቀጥሎ ጽዳት። ማሽኑን አጠፋ፣ ቻርጀሩን ነቀለ፣ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ ቦዲውን ጠረገ። ፈሳሹን ቀጥታ ማሽኑ ላይ ማፍሰስ ወይም መርጨት የለም፤ በኪቦርዱና በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ጭረት ከሚመስለው ውስጥ ብዙው በዚህ ብቻ ለቀቀ፤ ከሌላ ዕቃ ተፈቅፍቆ ክዳኑ ላይ የቀረ ቀለምና የስቲከር ማስቲሽ ነበር። ያልተነሳውን ስቲከር በፀጉር ማድረቂያ ዝቅተኛ ሙቀት አለስልሶ፣ ጫፉን በፕላስቲክ ካርድ አንስቶ ወደ ኋላ አጥፎ ቀስ እያለ ሳበው። አሴቶን በአካባቢው አላደረሰም፤ ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሆነው አሴቶን የላፕቶፕ ፕላስቲክን ያሟሟል።

ስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ቁልፎች ቅርጽ ተሰልፎ ይታይ ነበር። ይህን ያየ ብዙ ሰው ስክሪኑ ተጫረ ብሎ ያዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ክዳኑ ሲዘጋ ከቁልፎቹ የሚተላለፍ የጣት ቅባት ነው። ባለሙያው ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ በነካ ጨርቅ፣ ሳይጫን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እየጠረገ አስለቀቀው። በየቦታው የሚመከረው የጥርስ ሳሙና ለዚህ ክፉ ምክር ነው፤ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር ስላለ ነጸብራቅ የሚከላከለውን ገጽ ይፍቅና የማይለቅ የሚያብረቀርቅ እድፍ ይተዋል።

እውነተኛው ጭረት ሲቀር በጥፍሩ ለካው። ጥፍሩን ጭረቱን አቋርጦ ሲያሳልፍ ካልያዘው ላይ ላዩን ነው፤ ከያዘው ጥልቅ ነው።

ላመሰግነው የፈለግሁት በተለይ በክዳኑ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ እጅ ስለሚሳሳት። የአኖዳይዝድ አሉሚኒየም ቀለም ከላይ የተቀባ አይደለም። የብረቱ ገጽ ራሱ በአሲድና በኤሌክትሪክ ወደ ኦክሳይድ ተለውጦ፣ በማይክሮን በሚለካው በዚያ ስስ ንብርብር ውስጥ ቀለሙ ገብቶ የታሸገ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ወይም የብረት ማብረቂያ ካገኘው ንብርብሩ ይነሳና ባዶ ብረት ይወጣል፤ በቀጭን ጭረት ፋንታ ከሩቅ የሚታይ ሰፊ ነጭ እድፍ ይሆናል። ስለዚህ አልፈገፈገውም፤ ቪኒል ስኪን፣ ማለትም ክዳኑን የሚሸፍን ስስ ተለጣፊ ፕላስቲክ፣ እንዲለጠፍ መከረ። ማዕዘኑ ላይ ወድቆ የተጎረበጠ ቦታ እጅ የሚቧጭር ሹል ጠርዝ ስለነበረው፣ ዙሪያውን በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኖ በ2000 ቁጥር ርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ያችን ነጥብ ብቻ አለዘበ። ይህ ሳይደረግ ቢለጠፍ ጉብታው በቪኒሉ ላይ ይታያል፣ ውሎ አድሮም ይቀደዋል።

አለጣጠፉም የሚያስደስት ነው። ከመሃል ጀምሮ በለስላሳ ካርድ አየሩን ወደ ዳር እየገፋ፣ ማዕዘኖቹን በመጠኑ እያሞቀ ለጠፈው። ከጠርዙ 1 ሚሊሜትር ያህል አሳጥሮታል፤ እስከ ጫፍ የደረሰ ቪኒል ከቦርሳ ሲወጣና ሲገባ ይላጣል። የአየር መውጫና የማይክሮፎን ቀዳዳ አይሸፈኑም።

አንጸባራቂውን የስክሪን ዙሪያ በፕላስቲክ ፖሊሽ ብቻ አስተካከለው፤ ጭረቱ ጥፍር የማይዝ ስለነበር በቂ ሆነ። የእጅ ማሳረፊያውን ግን አልነካም። ሸካራ ፕላስቲክ ሲፈገፈግ ሸካራነቱ ጠፍቶ ያብረቀርቃል፣ ያ ደግሞ ከጭረቱ የባሰ ዓይን ይስባል። በአጠቃቀም ብዛት ያብረቀረቁ ቁልፎችም በምንም ጽዳት አይመለሱም፤ የሚያስከፋ ከሆነ መለወጥ ነው።

የታችኛው ከቨር በጥልቅ ስለተቧጨረ በሌላ ተለወጠ። ክፍሉን ያዘዘው በላፕቶፑ የንግድ ስም ሳይሆን አሮጌው ከቨር ላይ በታተመው የክፍል ቁጥር ነው፤ አንድ ስም ያላቸው ሞዴሎች የብሎን ቀዳዳቸውና የፖርት ቦታቸው ይለያያል። እያንዳንዱን ብሎን ወረቀት ላይ በነበረበት ቦታ ልክ ደረደረው። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ከላይ ያለውን የእጅ ማሳረፊያ ያሳብጣል ወይም ቦርዱን ይጎዳል። ከቨሩ እንደተነሳ ሌላ ምንም ሳይነካ የባትሪውን ማገናኛ ነቀለ።

ውስጡን ከፍቶ ባትሪውን ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ታችፓዱ ወደ ላይ የተነሳ ወይም ጠረጴዛ ላይ የሚወዛወዝ ላፕቶፕ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል፤ አደገኛ ስለሆነ ባትሪው ሳይለወጥ ለማንም አይሰጥም። በሂንጁ፣ ማለትም ክዳኑን ከታችኛው ክፍል በሚያያይዘው ማጠፊያ፣ አካባቢ ያለች ቀጭን ስንጥቅም ጭረት አይደለችም። ሂንጁ ሲጠብቅ ብሎን የሚይዙትን የናስ ቀለበቶች ከፕላስቲኩ ውስጥ ይነቅላቸዋል። እሱ ሂንጁን በልኩ አላልቶ፣ የላሉትን ቀለበቶች በኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ መልሶ አጸናቸው። ከላይ በሱፐር ግሉ ብቻ ቢያጣብቀው ኖሮ ጥቂት ከተከፈተና ከተዘጋ በኋላ ይገነጠል ነበር።

ሲያስረክብ የለወጠውን አሮጌ ከቨር መለሰ፤ የእጅ ማሳረፊያው ላይ የቀሩትን ጭረቶች በጣቱ እያሳየ ለምን እንደተዋቸው ነገረን። አካውንቶቹ ሁሉ ወጥተው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሪሴት መደረጉንም ሳይጠይቅ አልለቀቀንም። ወደ እሱ የምትሄዱ ከስጦታው ቀን ቀደም በሉ፤ የክፍል ማዘዣው ጊዜ ይወስዳል፣ ኢፖክሲውም ክዳኑ ሳይነካ 24 ሰዓት ያህል ማደር አለበት።