ከማናውቃቸው ጋር አንድ ገበታ፦ በሳቫና የሚሲስ ዊልክስ ምሳ ቤት

ለአንድ ምሳ ብዬ አራት ሰዓት ያህል መኪና ስነዳ የመጀመሪያዬ ነው። እኔና ልጄ በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከአትላንታ ጥግ፣ ከክላርክስተን፣ ተነሥተን ወደ ጠረፏ ከተማ ወደ ሳቫና ወረድን። ያስነሣን ረኀብ አልነበረም። ልጄ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በጆርጂያ ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት። አምና ለትምህርት ወደ ሰሜን፣ ቦስተን ሄዳ፣ አንድ የክፍሏ ልጅ ከየት እንደመጣች ሲጠይቃት «ከደቡብ ነኝ» ብላ ትመልስለታለች። ልጁም «እናትሽም አባትሽም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ደቡብ ኖርሽ እንጂ የደቡብ ሰው አይደለሽም» ይላታል። ይህን ቃል ዓመቱን ሙሉ በሆዷ ይዛ ከረመች። ለእረፍት በመጣች በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆማ «እማዬ፣ እውነቱን ነው እንዴ?» አለችኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ፤ መልስ ግን አላገኘሁላትም። «ነገ ሳቫና እንሂድ» አልኳት።

ሚሲስ ዊልክስ የሚባለው ምሳ ቤት የሚገኘው በዌስት ጆንስ ጎዳና 107 ቁጥር፣ ጡብ በተነጠፈበትና ዛፍ ባጠላበት መንገድ ላይ ነው። ሴማ ዊልክስ የሚባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1943 ሲይዙት ቤቱ ለተከራዮች መኝታም ምግብም የሚሰጥ ነበር። ተከራዮቹ ከጊዜ በኋላ ቀሩ፣ ገበታው ግን ቀጠለ። በ2000 ምግብ ቤቶችንና ወጥ ሠሪዎችን የሚሸልመው የጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽን ከአሜሪካ ነባር ምግብ ቤቶች አንዱ አድርጎ ሸልሞታል። እሳቸው በ2002 በ95 ዓመታቸው አረፉ፤ ዛሬም ቤቱን የያዘው ቤተሰባቸው ነው።

ቀጠሮ አይያዝም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል፤ ሰዉም በሩ ከመከፈቱ በፊት በእግረኛ መንገዱ ላይ ይሰለፋል። ወደ ጆርጂያ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ዓመት ሚኒሶታ ኖሬአለሁ፤ እዚያ ሰው በሰልፍ ላይ ዝም ይላል፣ ዝምታውም አክብሮት ነው። እዚህ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከፊታችን የቆሙት አዛውንት የትኛው ጉልበታቸው እንደተቀደደ፣ ሚስታቸው ለምን ዶክተሩን እንደማትወድ፣ የልጅ ልጃቸው ጥምቀት መቼ እንደሆነ አወቅን። እሳቸውም በበኩላቸው ነርስ መሆኔን አውቀው ስለ ጉልበታቸው ምክር ጠየቁኝ። ልጄ ስቃ «አየሽ፣ ቦስተን የናፈቀኝ ይሄ ነው» አለችኝ።

ውስጥ ስትገቡ ለብቻችሁ ጠረጴዛ አይሰጣችሁም። አንዱ ጠረጴዛ አሥር ሰው ያህል ይይዛል፤ ከማን ጋር እንደምትቀመጡ የሚወስነው ሰልፉ ነው። የምግብ ዝርዝር አይቀርብም። ስትቀመጡ ሳህኖቹ በጠረጴዛው ላይ ሞልተው ይጠብቋችኋል፤ ሁሉም ሰው እኩል ይከፍላል፣ ሁሉም ከሁሉም ይበላል። የተጠበሰው ዶሮ ቅርፊቱ ሲሰበር ይሰማል፣ ሥጋው ግን እስከ አጥንቱ ድረስ ርጥብ ነው። በቲማቲም የቀላው የሳቫና ሩዝ፣ ባሚያው፣ ጥቁር ዓይን ያለባት አተር፣ በስኳር የተለወሰው ስኳር ድንች፣ መኮሮኒ በአይብ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ደቡቦች ቢስኪት የሚሉት በቅቤ የሚፈረፈር ትኩስ ዳቦ፣ ከሁሉም ጎን በበረዶ የተሞላ ጣፋጭ ሻይ። ሻዩ በእውነት ጣፋጭ ነው፤ ስኳር የምትጠነቀቁ ሰዎች ያልጣፈጠውን ጠይቁ።

ስለ ጎመኑ ለብቻው መናገር አለብኝ። ኮላርድ የሚሉት ጎመን እኛ አትላንታ ገበያ ሄደን ለዶሮ ወጡ አጃቢ የምንገዛው ያው ቅጠል ነው። እነሱ ግን ለረጅም ጊዜ ያበስሉታል፣ ውሃውንም አይደፉትም። ፓት ሊከር ይሉታል፤ የበቆሎ ዳቦ እየነከሩ ይበሉታል። ባሪያ የነበሩት ሴቶች ጎመኑ ወደ ጌቶች ማዕድ ሲሄድ በድስቱ የቀረውን ውሃ ለልጆቻቸው እንዳስቀሩት ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ለእኛ አንባቢዎች የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በደቡብ ወጥ ቤቶች ጎመንና ባቄላ ብዙውን ጊዜ በአሳማ ሥጋ ነው የሚበስሉት። ኦርቶዶክስም ሙስሊምም የሆናችሁ ከመጉረሳችሁ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በደቡብ ስለ ምግብ የሚጠይቅ ሰው ይወደዳል። እኔ ጎመኑን ትቼ በባሚያው ላይ በረታሁ።

ባሚያው ከአፍሪካ የመጣ ነው፣ ጥቁር ዓይኗ አተርም እንዲሁ። እንግሊዝኛው «ኦክራ» ራሱ ከናይጄሪያ ከኢግቦ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ነው። በዚህ ጠረፍ የሩዝ እርሻ የቆመው ከምዕራብ አፍሪካ ተግዘው በመጡ ሰዎች ጉልበት ነው፤ ብዙዎቹ ሩዝን ከአገራቸው ጀምሮ የሚያውቁ ነበሩ። ልጄ የባሚያውን ሳህን ስትቀበል ይህን ሹክ አልኳት። «ታዲያ የደቡብን ሰው ማን ነው ያበሰለው?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት።

የደቡብ ወሰን የት እንደሆነ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። የሕዝብ ቆጠራው መሥሪያ ቤት ሜሪላንድንና ዴላዌርን ጨምሮ 16 ግዛቶችን ከዋና ከተማዋ ከዋሽንግተን ጋር ደቡብ ይላቸዋል። በ1860 እና 1861 ከአሜሪካ ኅብረት የተገነጠሉት ግን 11 ነበሩ። ማያሚ ላይ ቆሞ ደቡብ ነኝ የሚል ጥቂት ነው፣ ሰሜን ፍሎሪዳ ላይ ግን ሞልቷል። እኔ ወሰኑን በጆሮዬ ነው የማውቀው። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «እናንተ»ንም በአንድ ቃል ሲጠቀልል፣ ደቡቦች «ያል» ብለው የራሳቸውን «እናንተ» ፈጠሩ። ጆርጂያ የደረስኩ ቀን ይህን ስሰማ የጎደለኝን ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ልጆች ለታላላቆቻቸው «የስ ማም»፣ «የስ ሰር» ይላሉ፤ ይህ የእኛ አንቱታ ነው። እድሜያቸው የገፋ ሴቶችን በስማቸው ላይ «ሚስ» ጨምረው ይጠራሉ፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። «ብለስ ዩር ሃርት» የምትለው አባባል ደግሞ ሰምና ወርቅ ናት። ሰሟ «ልብሽን ይባርክልሽ» ነው፤ ወርቋ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ሐዘኔታ፣ አንዳንድ ጊዜ «ምን ዓይነቷ ሞኝ ነሽ» ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት እኔ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ልጄ በአምስት ዓመቷ ታውቀው ነበር።

ከፊት ለፊታችን ከአላባማ የመጡ አንዲት ጥቁር እናት ተቀምጠው ነበር፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። የስኳር ድንቹን ለልጄ እያቀበሉ ደቡብ ውስጥ ሁሉም የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቋት፦ «ወገኖችሽ እነማን ናቸው?» እኛ «የማን ልጅ ነሽ?» የምንለው ነው። ልጄ በትከሻዋ ወደ እኔ ጠቆመችና «እማዬ ናት፣ ማም። ከኢትዮጵያ መጥታ እዚሁ ጆርጂያ አሳደገችኝ» አለቻቸው። ሴትዮዋ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩአት። «በደንብ አሳድጋሻለች፤ ማም ማለት ታውቂያለሽ» ብለው የበቆሎ ዳቦውን ጨመሩላት። ልጄ ጉሮሮዋ ተናንቆ ለጥቂት ጊዜ ምግቡን መዋጥ አቃታት። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይመስለኝም።

እንዲህ ስጽፍ ደቡብ ሁሉ ማርና ወተት ነው ማለቴ አይደለም። ጆርጂያ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ አርባ ደቂቃ ተቀምጫለሁ፤ ከእኔ በኋላ የገቡት በልተው ሲወጡ ወደ እኔ የመጣ ሰው አልነበረም። ፈገግታው ግን አልጎደለም፣ ባየኝ ቁጥር ፈገግ ይልልኝ ነበር። ፈገግታ መስተንግዶ ማለት እንዳልሆነ የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ሳቫናም ብትሆን ይህን ታውቃለች። ሚሲስ ዊልክስ ቤቱን በያዙበት ዘመን የደቡብ ሕግና ልማድ ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ እንዲቀመጡ አይፈቅድም ነበር። በመጋቢት 1960 የከተማዋ ጥቁር ተማሪዎች በመደብሮች ውስጥ ለነጮች ብቻ በተለዩ የምሳ መመገቢያ ባንኮኒዎች ተቀምጠው ምግብ ጠየቁ፤ ተይዘውም ታሰሩ። ደብልዩ ደብልዩ ሎው የሚባሉ ደብዳቤ አዳይ የመሩት የከተማዋ ጥቁር ሕዝብ ከብሮተን ጎዳና ሱቆች መግዛቱን ከአንድ ዓመት በላይ አቆመ። ባንኮኒዎቹ ለሁሉም የተከፈቱት በ1961 ነው፤ እንዲህ ያለውን መለያየት በመላ አገሪቱ የከለከለው ሕግ የወጣው በ1964። ወደ ኋላም ካየን፣ ከዚህ ጎዳና ብዙ ሳይርቅ፣ በከተማዋ የፈረስ መሮጫ ሜዳ፣ በመጋቢት 1859 በሁለት ቀን ውስጥ 436 ሰዎች ለሽያጭ ቀርበዋል፤ «የለቅሶ ጊዜ» ይሉታል። ስለዚህ ከአላባማዋ እናት ጋር ከአንድ ሳህን ስጎርስ ቀላል ነገር የሆነ አልመሰለኝም። ያ ገበታ ዋጋ የተከፈለበት ነው። ልጄ የደቡብ ሰው ናት ስል ባሚያውንም፣ «ያል»ንም፣ ይህንንም ሒሳብ ጨምራ ትውረስ ማለቴ ነው። ቦስተን ያለው ልጅ ያላወቀው ይህን ይመስለኛል፤ የደቡብ ሰው ሲባል አንድ ዓይነት ፊትና አንድ ባንዲራ፣ የተገንጣዮቹ ባንዲራ፣ ብቻ ነው የታየው።

በልታችሁ ስትጨርሱ ሳህናችሁን ራሳችሁ ወደ ወጥ ቤት ትወስዳላችሁ፤ ከተከራዮቹ ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ልጄ የእኔንም የእሷንም፣ የአላባማዋን እናትም ሳህን ደራርባ ስትነሣ በሰልፉ ከፊታችን የነበሩት አዛውንት በጉልበታቸው ምክንያት የእሳቸውንም አስጨመሩአት።

ከምሳው በኋላ በእግራችሁ ጥቂት ሂዱና ቴይለር አደባባይን እዩ። ቀድሞ የባርነት ጠበቃ በነበረው በጆን ካልሁን ስም ይጠራ ነበር። በ2023 የከተማው ምክር ቤት የሱሲ ኪንግ ቴይለርን ስም ሰጠው። በ1848 በባርነት ተወልዳ፣ ሳቫና ውስጥ በድብቅ ፊደል ቆጥራ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጥቁር ወታደሮችን ያለ ደመወዝ ያስታመመችና ማንበብ ያስተማረች ሴት ናት። ነርስ ስለሆንኩ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከታሰበው በላይ ቆየሁ። ልጄ በሙቀቱ ላብ አጥምቋት ሳታጉረመርም ጠበቀችኝ።

ለምትሄዱ፦ የሚከፈተው ከሰኞ እስከ ዓርብ ለምሳ ብቻ ነው። ከመክፈቻው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ባርኔጣና ውሃ ያዙ፣ ጥሬ ገንዘብ አይለያችሁ። ሁለት ሆናችሁ ለብቻችሁ ለመጨዋወት ካሰባችሁ ሌላ ቤት ምረጡ። ከአምስት ኮከብ አምስቱንም ሰጥቻለሁ።

በመመለሻችን ከመንገድ ዳር ኮክ ከሚሸጥ አንድ ገበሬ ዘንድ ቆምን። ባለፈው ክረምት እናቴ አዲስ አበባ ሲያርፉ፣ ከክላርክስተን ጎረቤቶቻችን አንዷ፣ የቴነሲ ተወላጅ፣ ለቅሶ ቤታችን በመጀመሪያው ምሽት ትልቅ መጥበሻ መኮሮኒ በአይብ ይዛ መጥታ ነበር፤ ከሥሩ ስሟ በፕላስተር ተለጥፎ። መጥበሻው እስካሁን እኛ ዘንድ ነው። «ባዶውን አይመለስም አይደል?» አለች ልጄ፤ ኮኩን እየመረጠች።