በደብረ ማርቆስ ያለው የንባብ ድጋፍ ክፍል፦ ለየትኛው ልጅ ይበጃል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ድጋፍ የሚሰጥ አንድ አነስተኛ ክፍል አለ፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ እዚያ ስለምትከታተል፣ ልጃቸውን ለማስገባት ለሚያስቡ ወላጆች አስተያየቴን አቀርባለሁ።

የክፍሉ ትልቁ ብልጫ የፊደል አስተማመሩ ነው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ስንፍናም ሆነ የማሰብ ችሎታ ማነስ ሳይሆን በዋናነት የንግግር ድምፆችን ለይቶ ከፊደል ጋር የማዛመድ ችግር በመሆኑ፣ «ሀ ሁ ሂ»ን በቃሉ የሚያንበለብል ልጅ «ሎ»ን ብቻ ነጥለው ሲያሳዩት ሊጠፋበት ይችላል። መምህርቷ ይህን የሚፈትኑት በአቡጊዳ ነው፤ የኔታዎች ከሀሁ ቀጥለው የሚያስጠኑት ይኸው ሥርዓት ቅደም ተከተሉን ስለሚያዘባርቅ በቃል መሸምደድ አያዋጣም (ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ረስቶታል)። ከዚያ ወደ ቅርጽ ይሻገራሉ፦ የ«ቡ» ቅጥያ ወገቡ ላይ፣ የ«ቢ» እግሩ ሥር መሆኑን ልጁ አሸዋ በተነጠፈበት ትሪ ላይ በጣቱ እየጻፈ፣ ድምፁንም ጮክ ብሎ እየጠራ ይለማመዳል። ወጥ ምልክት ለሌለው ሳድስ ሰፊ ጊዜ ይሰጣሉ፤ እንደ «ሰ»ና «ሸ» ያሉትን ተመሳሳይ ፊደላትም በአንድ ቀን አያቀርቡም። ልጄ ለውጥ ያሳየችው በዚህ ነው።

ቅሬታዬ ከአመዘጋገቡ ይጀምራል። በክልላችን በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለበት ማለት አይቻልም፤ ሳይማር የቀረውን፣ ጆሮው ወይም ዓይኑ የደከመውን እና የንባብ ችግር ያለበትን መለየት ሲገባ፣ እኛን ስለምርመራ የጠየቀን ሰው አልነበረም። በር ላይ የተለጠፈው «ዲስሌክሲያን እናድናለን» የሚለው ማስታወቂያም መነሣት አለበት፤ ዲስሌክሲያ በተከታታይና በግልጽ ማስተማር ጫናው የሚቀል፣ ነገር ግን ከሰው ጋር የሚኖር ነው እንጂ የሚድን በሽታ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ክፍሉ ከልጆቹ ትምህርት ቤቶች ጋር የማይገናኝ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ድጋፉ በመደበኛው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ መምህርቷ ለልጄ የፈተና ጊዜ እንዲራዘምላት ወይም ጥያቄው እንዲነበብላት የሚያሳስብ አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጽፉ ኖሮ፣ ልጄ በክፍሏ ፊት ጮክ ብላ እንድታነብ እየተገደደች ባላለቀሰች ነበር።

ክፍያው ለመንግሥት ሠራተኛ ይቻላል፤ ልጁን ከገጠር ቀበሌ ለሚያመላልስ አርሶ አደር ግን ይከብዳል። ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ አልመክረውም፣ መልመጃ ከማባዛት ያለፈ ነገር የለም። ለአማርኛ ንባብ ከሆነ ግን፣ አስቀድማችሁ የልጁን ዓይንና ጆሮ አስመርምሩ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ ለማየት ጠይቁ፣ ይፈቅዳሉ።